የሐይቅ በረዶና የሰው እጅ ሥራ

በአሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ በምትገኘው በሚኔሶታ የብርዱ ወራት ሲጠና ሐይቆቹ ረግተው ሜዳ ይመስላሉ። የአገሩ ሰው በረዶውን በመሰርሰሪያ ይበሳና መንጠቆውን በቀዳዳው አውርዶ ዓሣ ያጠምዳል። እኛ በረዶ ስንል የምናውቀው ከሰማይ ወርዶ ወዲያው የሚቀልጠውን እንጂ ሰው የሚሄድበትን አይደለም። ይሁን እንጂ በሚኔያፖሊስና በሴይንት ፖል ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ለትምህርት ወደዚያ የሚሻገሩ ጓደኞቻችንም አሉ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ውሃ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ይቀላል። ስለዚህ ወደ 0 ዲግሪ የቀረበው ውሃ ከላይ ሆኖ ሲረጋ፣ ሞቅ ያለው ከሥር ይቀራል። እንግዲህ ይህን የሥር ውሃ ወደ ላይ የሚያወጣ፣ ውሃውን የሚያንቀሳቅስ ወይም ሙቀት የሚጨምር ነገር ሁሉ በረዶውን ያሳሳዋል። የሰው እጅ ሥራ ደግሞ ይህን ማድረግ ያውቅበታል።

አንደኛው ምክንያት እንቅስቃሴ ነው። ድልድይ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሐይቁ በሚጠብበት ስፍራ ስለሆነ ውሃው በዚያ ሲያልፍ ይፈጥናል። በሌላ በኩል በረዶ የተከመረበት ጥልቀት የሌለው ሐይቅ የፀሐይ ብርሃን ስለማያገኝ ኦክሲጅን ያንሰዋል፤ ዓሣውም ይታፈናል። ይህን ለመከላከል አየር በቧንቧ ወደ ሥር ይነፋል፤ አረፋውም ሞቅ ያለውን ውሃ ይዞ ይወጣል። የጀልባ መድረክ ያላቸው ሰዎችም ምሰሶው በበረዶ እንዳይነቀል በተመሳሳይ መሣሪያ ይጠቀማሉ። እንዲህ ያለው ክፍት ቦታ ሌሊት ስስ ቆዳ አውጥቶ አመዳይ ሲለብስ ከሌላው አይለይም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ጥቁር እንጨትና ብረት የፀሐይን ሙቀት ስለሚስቡ በምሶሶው ዙሪያ ያለው በረዶ ቀድሞ ይቀልጣል። ከፋብሪካ ወይም ከከተማ ቦይ የሚወጣ ውሃም እንዲሁ ያደርጋል። ሦስተኛው የውሃው ከፍና ዝቅ ማለት ነው። ከግድብ ውሃ ሲለቀቅ በረዶው ከሥሩ ደጋፊ አጥቶ ይንጠለጠላል፤ በዳርቻውና በግንቡ አጠገብም ይሰነጠቃል።

የሚያስቸግረው ነገር ዓሣውም እነዚህኑ ስፍራዎች መውደዱ ነው። በምሶሶ ሥር መጠለያና ምግብ፣ በሚንቀሳቀስ ውሃ ውስጥም ኦክሲጅን ያገኛል። አጥማጁም ዓሣውን ተከትሎ በረዶው ወደሳሳበት ይሄዳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በሚኔሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት መመሪያ መሠረት ለእግረኛ ቢያንስ 4 ኢንች፣ ማለት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ያስፈልጋል፤ ነጭ ከሆነ እጥፍ ይሁን። አንድ ጊዜ ለክቶ መተማመን አይበቃም። እንደ ዲጅኖ ባለ የብረት ዘንግ ፊት ፊታችንን እየመታን እንሂድ፤ ወደ ድልድዩ ወይም ወደ መድረኩ ስንጠጋ በየጥቂት እርምጃው እንለካ፤ ከሳሳ እንመለስ። የአደጋ ምልክት ከተተከለበት አንጠጋ። «ትናንት መኪና አልፎበታል» የሚለው ወሬ ስለዚያ መንገድ እንጂ ስለዚህ ምሶሶ አይመሰክርም። ብቻችንን አንሂድ፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያ እንልበስ፤ ገመድ እንያዝ፤ ሹል ብረት ያላቸው ሁለት እጀታዎችም በአንገታችን ይንጠልጠሉ።

ሰው ቢገባስ? የመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሽን ማረጋጊያ ነው፤ እጅና እግር እንደ ልብ የሚታዘዙት 10 ደቂቃ ያህል ነው፤ ብርዱ ራስን እስኪያስት ግን እስከ 1 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ሳንደናገጥ ወደመጣንበት አቅጣጫ እንዙር፤ ያ በረዶ አስቀድሞ ችሎናልና። ሹሉን ብረት ሰክተን፣ እግራችንን እያራገብን እንውጣ፤ ከወጣንም በኋላ ሳንቆም እየተንከባለልን እንራቅ። ጓደኛውም ሮጦ አይጠጋ፤ ወደ 911 ደውሎ፣ ከሩቅ ገመድ ይወርውር። ሮጦ የሄደ እንደሆነ በአንድ ቀዳዳ ሁለት ሰው ይጠፋል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። በበረዶም ላይ ነገሩ ያው ነው፤ ዘንጉን የምንመታው ከመርገጣችን በፊት ነው።