ለአገር ስሟን ያወረሰችው ትንሿ የሞዛምቢክ ደሴት

በሰሜናዊ ሞዛምቢክ ጠረፍ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው የሞዛምቢክ ደሴት ርዝመቷ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ወርዷ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጎብኚ ከጫፍ እስከ ጫፏ በእግሩ ለመድረስ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። ሆኖም ይህች ቁራጭ መሬት እስከ 1898 (እ.አ.አ) ድረስ የፖርቹጋል የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት መናገሻ ነበረች። ሰፊዋ አገር ዛሬ የምትጠራበት ስምም የተወረሰው ከእርሷ ነው።

ደሴቷን ከዋናው ምድር ጋር የሚያገናኛት በ1960ዎቹ የተሠራና 3 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ጠባብ ድልድይ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ የሚገባ እንግዳ በስተግራና በስተቀኝ ጥልቀት የሌለው አረንጓዴ ባሕር፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ የዘረጉ ጀልባዎች፣ ውሃው ሲሸሽ በባዶ እግራቸው ቀንድ አውጣና ዛጎል የሚለቅሙ ሴቶች ይቀበሉታል።

ከፖርቹጋሎች በፊትም ወደብ ነበረች

ቫስኮ ዳ ጋማ በመጋቢት ወር 1498 ከደሴቷ ሲደርስ ያገኘው ባዶ ምድር አልነበረም። የዐረብና የስዋሂሊ ነጋዴዎች ወርቅ፣ ጨርቅና ቅመማ ቅመም የሚለዋወጡባት፣ በሙስሊም ገዥ የምትተዳደር የንግድ ወደብ ነበረች። የደሴቷ ስም ሙሳ ቢን ቢክ ከሚባል ገዥ እንደመጣ በሰፊው ይነገራል።

ይህ ጉዞ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የሚነካካበት ገጽ አለው። በዚያ ዘመን አውሮፓውያን "ፕሬስተር ጆን" እያሉ የሚጠሩትንና በኋላ ከኢትዮጵያ ነገሥታት ጋር አንድ አድርገው ያዩትን ክርስቲያን ንጉሥ ይፈልጉ ነበር። የጉዞው ማስታወሻ እንደሚለው መርከበኞቹ በዚህች ደሴት ሳሉ ንጉሡ ከመሐል አገር እንደሚኖርና ወደ እርሱ የሚደረሰው በግመል እንደሆነ ሲሰሙ በደስታ አለቀሱ። ከ43 ዓመት በኋላ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫው 400 ያህል ወታደሮች አስከትሎ በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ዘለቀ። በ1542 ከኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ጋር ተዋግቶ ተማረከና ተገደለ።

በደሴቷ የተጀመረው ትውውቅ ግን ፈጥኖ ሻከረ። የዳ ጋማ መርከቦች ውሃ ለመቅዳት በተነሳ ግጭት መድፍ ተኮሱ። ፖርቹጋሎች በ1507 ተመልሰው በደሴቷ ሰፈሩ።

የድንጋይ ከተማ

በሰሜናዊው ጫፍ የቆመው የሳን ሴባስቲያን ምሽግ ግንባታው የተጀመረው በ1558 ሲሆን አሥርት ዓመታትን ፈጅቷል። ሆላንዶች በ1607 እና በ1608 ደሴቷን ከብበው ቢያጠቁም ምሽጉን መስበር አልቻሉም። ከምሽጉ ጀርባ፣ ከባሕሩ አፋፍ ላይ ያለችው የባሉዋርቴ እመቤታችን ትንሽ ቤተ ጸሎት በ1522 የተሠራች ናት። በደቡባዊው ንፍቀ ክበብ ዛሬም ድረስ ከቆሙት አውሮፓውያን ሕንፃዎች ሁሉ ቀዳሚዋ እንደሆነች ይነገራል።

ደሴቷ ምንጭም ወንዝም የላትም። በዚህ ምክንያት የድንጋይ ቤቶቹ ጣሪያ ጠፍጣፋ ሆኖ ተሠራ፤ የዝናቡ ውሃ ከጣሪያው ወርዶ ከቤቱ ሥር ባለ ጉድጓድ ይጠራቀማል። የምሽጉ ትልቅ የውሃ ጉድጓድም ነዋሪዎችን ለብዙ ዘመን አጠጥቷል።

ከምሽጉ ወደ ደቡብ ሲወረድ ቀይ ቀለም የተቀባው የሳን ፓውሎ ቤተ መንግሥት ይገኛል። በመጀመሪያ የኢየሱሳውያን ኮሌጅ፣ ኋላም የአገረ ገዥዎች መኖሪያ ነበር፤ አሁን ሙዚየም ነው። በዙሪያው መስጊድ፣ የሂንዱ ቤተ መቅደስና አብያተ ክርስቲያናት በእግር መንገድ ርቀት ተቀራርበው ይታያሉ።

ከመንገድ በታች ያለው ከተማ

ብዙዎቹ ጎብኚዎች የሚመለሱት የድንጋይ ከተማውን አይተው ነው። ከነዋሪው አብዛኛው የሚኖረው ግን በደቡብ በኩል ባለው ማኩቲ በሚባለው ሰፈር ነው። ስሙ የቤቶቹ ጣሪያ ከሚከደንበት የኮኮናት ዘንባባ ቅጠል የመጣ ነው።

ወደ ሰፈሩ የሚገባ ሰው ቤቶቹ ከመንገዱ ዝቅ ብለው፣ አንዳንድ ቦታ ጣሪያቸው ከእግረኛው እግር ትይዩ ሆኖ ያያቸዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቤተ መንግሥቱም የነጋዴዎቹም ቤት የተሠራበት የኮራል ድንጋይ ተፈልፍሎ የወጣው ከዚህ ነበር። ድንጋዩ ሲያልቅ ጉድጓዱ ቀረ፤ ድንጋዩን የፈለፈሉት፣ ወደቡን ያገለገሉትና ዓሣ ያጠመዱት ሰዎች ልጆችም ቤታቸውን ከጉድጓዱ ውስጥ ሠሩ። አንደኛው ከተማ የተነሣው ሌላኛው በጎደለው ልክ ነው። ዝናብ ሲጥል ውሃው የሚተኛው በዚያው ጉድጓድ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በ1991 ደሴቷን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ማኩቲንም ከድንጋይ ከተማው ጋር አንድ አድርጎ ነው።

ከባሕሩ ሥር ያለው ታሪክ

ለዋናና ለመጥለቅ የመጡ ጎብኚዎች በአብዛኛው ከደሴቷ በጀልባ ይወጣሉ። የመብራት ማማ ያለባት የጎዋ ደሴት፣ እንዲሁም ከዋናው ምድር በኩል ያሉት የሾካስና የካባሴይራ ነጭ አሸዋማ ዳርቻዎች በኮራልና በጠራ ውሃቸው ይታወቃሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ዓሣ ነባሪዎች በአካባቢው ያልፋሉ።

ከውሃው በታች ግን ከኮራል ሌላ የመርከብ ስብርባሪም አለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከምሽጉ አጠገብ ከሰጠመ መርከብ በንግድ ጠላቂዎች የወጣ የቻይና ሸክላ በ2004 በአምስተርዳም ለጨረታ ቀርቧል። ቅርስ ተመራማሪዎች ይህን መሰሉን ሽያጭ አጥብቀው ተቃውመዋል። ማዕበል ወደ ዳርቻው የሚተፋቸውን ጥንታዊ የንግድ ዶቃዎች ልጆች ለቅመው፣ በክር ሰክተው ለጎብኚ ይሸጣሉ።

ከሁሉም የከበደው ታሪክ የሳን ዦዜ መርከብ ነው። መርከቡ በታኅሣሥ 1794 ከ500 የሚበልጡ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንን ጭኖ ከደሴቷ ወደ ብራዚል ተነሣ። በዚያው ወር መጨረሻ በኬፕ ታውን አቅራቢያ ሲሰጥም ከ200 በላይ የሚሆኑት ሞቱ፤ የተረፉት ደግሞ እንደገና ተሸጡ። የመርከቡ ማንነት በ2015 ሲረጋገጥ ጠላቂዎች ከሞዛምቢክ ደሴት አካባቢ የተወሰደ አፈር ወስደው በስብርባሪው ላይ በተኑ። ወደ አገራቸው ላልተመለሱት ሰዎች አገራቸው ሄደችላቸው።

ለሚጎበኙ

ደሴቷን ለማየት የሚመረጠው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ያለው ደረቅ ወቅት ነው። መንገደኞች አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፕላን ናምፑላ ወይም ናካላ ደርሰው ቀሪውን በመኪና ይጓዛሉ። በማለዳ ሴቶች ሙሲሮ የሚባለውን ከእንጨት ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ነጭ ቅባት ፊታቸውን ተቀብተው ይታያሉ። በባሕር ዳር በሚበቅል ቅጠል፣ በኮኮናትና በካሹ የሚሠራው ማታፓ የደሴቷ መለያ ምግብ ነው።

የዝናቡ ወቅት ግን አስጊ ነው። ጎምቤ የተሰኘው አውሎ ነፋስ በመጋቢት 2022፣ ጁድ የተሰኘውም በመጋቢት 2025 ከደሴቷ ትይዩ ባለው የሞሱሪል ወረዳ በኩል ወደ ምድር ገብተዋል። በሚያዝያ 2024 ደግሞ ከዋናው ምድር ወደ ደሴቷ ሲያቀና የነበረ ከአቅሙ በላይ የጫነ ጀልባ ተገልብጦ ከ90 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ምሽጉ አውሎ ነፋሱንም መድፉንም ችሎ ለአራት ክፍለ ዘመናት ቆሟል። የቅጠል ጣሪያ ያላቸው ቤቶች ግን ከእያንዳንዱ ነፋስ በኋላ እንደ አዲስ መከደን አለባቸው። የዘንባባው ቅጠል ከዓመት ዓመት እየተወደደ ሲሄድ ብዙ ቤተሰብ ወደ ቆርቆሮ ዞሯል። ለደሴቷ የሚታሰበው ጥበቃ ከድንጋዩ ባሻገር ጉድጓዱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ካልደረሰ፣ በቅርስነት ከተመዘገቡት ከተሞች የሚተርፈው አንዱ ብቻ ይሆናል።