ቢሮ የጣለውን ኮምፒውተር ታዳጊ ሲያነሣው

ታዳጊ ወጣቶች በትንሽ ገንዘብ የሚገጣጥሙት ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ከመሥሪያ ቤት የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ባንኮች፣ ትምህርት ቤቶችና ትልልቅ ኩባንያዎች በየጥቂት ዓመቱ ኮምፒውተሮቻቸውን በአንድ ጊዜ ይቀይራሉ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተርና የመሳሰሉት ከየቢሮው እየወጡ በጅምላ ይሸጣሉ። መልካቸው ማንንም አይማርክም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በርተው እንዲውሉ ተደርገው የተሠሩ በመሆናቸው ለብዙ ዓመት ይበረክታሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሠርተው ጥቂት ያጠራቀሙ ልጆች እነዚህን ማሽኖች ገዝተው ለጨዋታ፣ ለፕሮግራሚንግ ወይም ለቪዲዮ ቅንብር ያበቋቸዋል። አዲስ አበባም በየኮምፒውተር ሱቁ ከውጭ የገቡ ያገለገሉ ዴስክቶፖች ስለማይጠፉ ሙያው ለኢትዮጵያውያን ታዳጊዎችም የተከፈተ ነው። ዋናው ችሎታ ካቻቢቴ መያዝ አይደለም፤ ያለችው ገንዘብ የት ላይ ብትውል ለውጥ እንደምታመጣ፣ የት ላይ ደግሞ በከንቱ እንደምትቀር መለየት ነው።

የአንዱ ኩባንያ ዕቃ በሌላው ማሽን ውስጥ ገብቶ የሚሠራበት ምክንያት ታሪክ አለው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በኦገስት 1981 የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ሶፍትዌሩን ከማይክሮሶፍት ወስዶ፣ ብዙውን ክፍል ገበያ ላይ ከነበረ ዕቃ ሠራው፤ የውስጥ አሠራሩንም በዝርዝር አሳተመ። ሌሎች ኩባንያዎች ያንኑ ፈለግ ተከትለው ተመሳሳይ ማሽን ማምረት ጀመሩ። በ1995 ደግሞ ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን ደረጃ ሲያወጣ የማዘርቦርዱ ስፋት፣ የብሎኖቹ ቦታና የፓወር ሰፕላዩ ማያያዣ የጋራ ልክ አገኙ። ማይክል ዴል በ1984፣ ገና የ19 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ክፍሉ ውስጥ ኮምፒውተር እያሻሻለ መሸጥ የቻለው አሠራሩ ክፍት ስለነበረ ነው። ዛሬ ታዳጊዎች ፈተው የሚገጥሙት ኦፕቲፕሌክስ እሱ የመሠረተው ኩባንያ ምርት ነው።

ለመግዛት ሲታሰብ መጀመሪያ የሚታየው የፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው። ኬዙ ላይ የተለጠፈው «ኮር አይ5» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ ቁም ነገሩ ያለው ከሱ ቀጥሎ ባለው ቁጥር ላይ ነው። አይ5-3470 ሦስተኛ ትውልድ ሲሆን በ2012 የወጣ ነው፤ አይ5-8500 ስምንተኛ ትውልድና የ2018 ምርት ነው። ሁለቱም አይ5 ቢባሉም የመጀመሪያው አራት ኮር፣ የኋለኛው ስድስት ኮር አለው። የሰባተኛው ትውልድ አይ5-7500 እንኳ ገና አራት ኮር ላይ ነበር። ስለዚህ ከሰባተኛ ወደ ስምንተኛ ያለችው አንዲት እርከን ከዚያ በፊት ከነበሩት ትሰፋለች፤ የዋጋው ልዩነት መጠነኛ ከሆነ ጨምሮ መግዛቱ ያዋጣል።

ይህችው እርከን በሌላ ምክንያትም ትፈለጋለች። ማይክሮሶፍት በ2021 ያወጣው ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በዚህ የተነሣ ምንም እንከን የሌላቸው የስድስተኛና የሰባተኛ ትውልድ ማሽኖች «አርጅተዋል» ተብለው ከየቢሮው ወጥተዋል። ለጽሑፍ፣ ለትምህርትና ለፕሮግራሚንግ የሚፈልጋቸው ልጅ እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ በነፃ የሚገኝ ሥርዓት ጭኖ ለዓመታት ሊገለገልባቸው ይችላል፤ ስለ ኮምፒውተር አሠራርም ከተዘጋጀ ማሽን የማይገኝ ብዙ ነገር ይማርበታል። ከጓደኞቹ ጋር በኢንተርኔት መጫወት ለሚፈልግ ግን ጉዳዩ ይለያል። አንዳንዶቹ ታዋቂ ጨዋታዎች የማጭበርበር መከላከያቸው ሊኑክስን ስለማይቀበል ስምንተኛ ትውልድ መፈለጉ ይሻለዋል።

የኬዙ መጠንም አስቀድሞ ይታሰብበታል። መጽሐፍ የሚያካክሉት ትንንሾቹ ቦታ አይፈጁም፤ ነገር ግን በተለመዱት ላይ ግራፊክስ ካርድ አይገባም። መካከለኞቹ ቁመተ አጭር ካርድ ብቻ ይቀበላሉ። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ታወር ጠረጴዛ ቢያጣብብም ወደፊት ለመጨመር የሚመቸው እሱ ነው።

ከተገዛ በኋላ የመጀመሪያው ወጪ ለኤስኤስዲ ቢሆን ገንዘቡ የሚክሰው እዚያ ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7200 ጊዜ ይሽከረከራል። የተፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ይኸውም ወደ 4 ሚሊሰከንድ ይጠበቃል፤ ማንበቢያውን የተሸከመው ክንድ ቦታውን እስኪይዝ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይታከልበታል። ይህ ለአንድ ፋይል ምንም አይደለም። ዊንዶውስ ሲነሣ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ስለሚለቅም ጥበቃው ተጠራቅሞ ደቂቃ ይሆናል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ የፈለገውን ከሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያገኛል። «ፕሮሰሰሩ ደከመ» ተብሎ የተጣለ ብዙ ማሽን በሽታው ሃርድ ዲስኩ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ የሚመጣው ራም ነው። ለዛሬ ሥራ 8 ጊጋባይት መነሻ ነው፤ 16 ሲሆን ለብዙ ዓመት ያሳልፋል። ሁለት ባለ 8 መግጠም ከአንድ ባለ 16 ይመረጣል፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ መተላለፊያው እጥፍ ይሆናል። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን ምስሉንም የሚሠራው ከዚሁ ራም ተበድሮ ስለሆነ በጨዋታ ጊዜ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። አገጣጠሙ ቀላል ቢሆንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ይነቀላል፤ እጅ የኬዙን ብረት ነክቶ በሰውነት ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ያራግፋል። ከራሙ ወርቃማ ጥርሶች መካከል ከመሃል ትንሽ ፈንጠር ያለች ጎድጎዳ አለች፤ ማስገቢያው ውስጥ ካለችው ጉብታ ጋር መግጠም አለባት። የዲዲአር3 እና የዲዲአር4 ጎድጎዳ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በሁለት አውራ ጣት ጫፍና ጫፉ እኩል ሲጫን መቆለፊያው ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ያ ድምፅ ካልተሰማ ራሙ አልገባም ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩም ሲበራ ማራገቢያው እየዞረ ሞኒተሩ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ጀማሪ ማሽኑን ያቃጠለ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው፤ አውጥቶ እንደገና መግጠም ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ጨዋታ የሚፈልግ ታዳጊ ግራፊክስ ካርድ መጨመሩ አይቀርም፤ እዚህ ላይ የቢሮ ማሽን ገደቡን ያሳያል። ፓወር ሰፕላዩ ለቢሮ ሥራ የተመጠነ ሲሆን ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ ብዙውን ጊዜ የለውም። ካርዱ የሚገባበት ማስገቢያ ግን በራሱ እስከ 75 ዋት መስጠት ይችላል። ስለዚህ የሚፈለገው በዚያ ልክ የሚሠራ ካርድ ነው። የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በ2016 ወጥቶ በታዳጊዎች ዘንድ እስካሁን ስሙ የሚነሣው ለዚህ ነው፤ በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ይከተለዋል። ከሁለቱም ተጨማሪ ገመድ የሚጠይቁ ዓይነቶች ስላሉ ካርዱን አገላብጦ ማየት ይገባል። ሞኒተሩም ከካርዱ ጀርባ እንጂ ከማዘርቦርዱ ላይ መሰካት የለበትም፤ ይህን የረሳ ሰው ገንዘብ ያወጣበት ካርድ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ከዚህ የበለጠ ጉልበት ያለው ካርድ ከተፈለገ ፓወር ሰፕላዩ መቀየር አለበት። አንዳንድ የዴልና የኤችፒ ሞዴሎች በተለመደው ባለ 24 ፒን ማያያዣ ፋንታ የራሳቸውን ስለሚጠቀሙ መጋጠሚያ ገመድ ያስፈልጋል። በዚህ ዕቃ ላይ መቆጠብ ትልቅ ስሕተት ነው። ርካሽና ስም የለሽ ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ብቻውን አይሄድም፤ ማዘርቦርዱንና ካርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥንም ለመጠገን ብሎ መክፈት ለታዳጊ አይፈቀድም። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሰውን የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ለወንድምና ለእኅት ልጅ ኮምፒውተር የሚልክ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ የሚከተለውን ማወቁ ዕቃውን ያድናል። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። አዳዲሶቹ ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ራሳቸው ለይተው ይቀበላሉ። በአሮጌዎቹ ጀርባ ላይ ግን «115» እና «230» የሚል ትንሽ ቀይ ቁልፍ አለ። ቁልፉ 115 ላይ እያለ በ220 ቮልት ሶኬት ከተሰካ፣ ውስጡ ያለው ሰርኪዩት ቮልቴጁን እጥፍ አድርጎ ካፓሲተሮቹ ከሚችሉት በላይ ስለሚጭንባቸው በፍንዳታና በጭስ ያበቃል። በተቃራኒው፣ 230 ላይ ሆኖ በ120 ቮልት ቢሰካ አለመነሣቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ከካርቶን እንደወጣ፣ ገመድ ከመሰካቱ በፊት፣ ጀርባው ይታያል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ዩፒኤስ መጨመርም ቅንጦት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ እየጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

ያገለገለ ማሽን ሲከፈት ሌላ አንድ ሥራ አለ። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ያለው ተርማል ፔስት ከዓመታት በኋላ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አሮጌው በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ፣ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሃል ላይ ትደረጋለች፤ ማቀዝቀዣው ሲጫናት ራሷ ትሰራጫለች። የሚፈጀው ገንዘብ እዚህ ግባ አይባልም።

ኮምፒውተሩ የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ ብዙዎች እንደ ጌጥ ጉዳይ ያዩታል፤ በየዕለቱ ለሰዓታት ለሚቀመጥ በማደግ ላይ ላለ ልጅ ግን ከግራፊክስ ካርዱ ያላነሰ ነገር ነው። በቁጠባ ለሚሠራ፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ በ120 በ60 ሴንቲሜትር ተቆርጦ በሁለት ባለ መሳቢያ ሣጥኖች ወይም በብየዳ በተሠራ የብረት እግር ላይ ቢቀመጥ ጥሩ ጠረጴዛ ይወጣዋል። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ከተቀባ እርጥበት አይነፋውም። የተለመደው የጠረጴዛ ቁመት ከ72 እስከ 75 ሴንቲሜትር ነው፤ እውነተኛው መለኪያ ግን የልጁ ክርን ነው። ትከሻ ሳይነሣ እጅ ኪቦርዱ ላይ ሲያርፍ ክርን ወደ 90 ዲግሪ መታጠፍ አለበት። ልጁ አጭር ከሆነ ወንበሩ ከፍ ይላል፤ እግሩ እንዳይንጠለጠል ደግሞ ከሥሩ መርገጫ ይደረግለታል።

የሞኒተሩ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ጋር ትክክል ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቢቀመጥ አንገት አይጎብጥም። ከሥሩ የሚደረግ ሣንቃ ይህን ያሟላል። ክንድ ያለው ማንጠልጠያ ለሚገዛ፣ የአብዛኛው ሞኒተር ጀርባ በ75 ወይም በ100 ሚሊሜትር ርቀት የተበሱ አራት የብሎን ቀዳዳዎች ስላሉት የየትኛውም ኩባንያ ማንጠልጠያ ይገጥማል። መስኮት ከሞኒተሩ ጎን እንጂ ከፊቱ ወይም ከኋላው ባይሆን ዓይን አይደክምም።

ዲቫይደሩ ከጠረጴዛው ሥር በብሎን ተይዞ ገመዶቹ በፕላስቲክ ማሰሪያ ወደ አንድ አቅጣጫ ቢሰበሰቡ እግር አይጠልፋቸውም፤ አቧራም አያከማቹም። ዲቫይደሩ ኤርዝ ባለው ሶኬት መሰካት አለበት። ምድጃ፣ ካውያና የውኃ ማሞቂያ በዚያው ዲቫይደር ላይ አይሰኩም፤ የሚስቡት ኃይል ገመዱን ያግለዋል። ኬዙ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ ማራገቢያው ክርና አቧራ ስለሚስብ በትንሽ የእንጨት መቆሚያ ላይ ይደረጋል። በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ማሽኑ ጠፍቶና ከሶኬት ተነቅሎ ተከፍቶ አቧራው በአየር ይነፋል፤ በዚህ ጊዜ አየሩ ከመጠን በላይ እንዳያዞረው ማራገቢያው በጣት መያዝ አለበት።