ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፦ መንስኤውና የሚያስከትላቸው ችግሮች

በመውለጃ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ ሴቶች ከ6 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የተሰኘ የሆርሞን መዛባት እንደሚያጋጥማቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ከእነዚህም እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት በምርመራ አልተለዩም።

እ.ኤ.አ በ1935 አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ስታይንና ሌቨንታል በዝርዝር የገለጹት ይህ ችግር ስያሜው አሳሳች ነው። በአልትራሳውንድ የሚታዩት እውነተኛ ሲስት ሳይሆኑ ዕድገታቸው የተገታ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው።

መንስኤው ሙሉ በሙሉ ባይታወቅም በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ባሕርይ አለው። ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ሲዳከም ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ይህም እንቁልጢ የወንዴ ሆርሞንን ከመጠን በላይ እንዲያመርት ይገፋፋል። በዚህ የተነሳ እንቁላል በወቅቱ አይለቀቅም፣ የወር አበባ ይዛባል፣ ፊት ላይ ጸጉርና ብጉር ይበዛል፣ መፀነስም ያዳግታል። በልጅ እጦት ትዳር ሲናጋ ወቀሳው በሴቷ ላይ ስለሚያርፍ ጉዳቱ በአካል ብቻ አይወሰንም፤ ጭንቀትና ድብርትም ይከተላሉ። ይሁንና ብዙዎቹ በሕክምና ድጋፍ ይወልዳሉ።

ችግሩ ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊትና ለማህጸን ውስጠኛ ግድግዳ ካንሰር ያጋልጣል። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ባይኖርም፣ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ሴቶች ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲቀንሱ የወር አበባቸው ሊስተካከል ይችላል። በቀጫጭን ሴቶችም ላይ ስለሚከሰት ግን የወር አበባዋ በተደጋጋሚ የሚዘገይ ሴት፣ ክብደቷ ምንም ይሁን ምን፣ የሆርሞንና የደም ስኳር ምርመራ ማድረግ ይኖርባታል።