ስለ ባዮቴክኖሎጂ ጀማሪ ኩባንያዎችና መንግሥት ስለሚያደርግላቸው እርዳታ

በየቦታው አገር የምታስተዳድሩ ሹማምንትና ሰፊ እርሻ የያዛችሁ ሰዎች ሆይ፤ አንድ ቀን ትምህርቱን የፈጸመ ወጣት ወደ ቢሯችሁ መጥቶ፣ በከረጢት የያዘውን ጥቁር ዱቄት አሳይቶ፣ «ይህ የባቄላን ምርት የሚያበዛ ሕያው ነገር ነውና መሞከሪያ የሚሆን ጥቂት መሬት ይፈቀድልኝ» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? ነገሩን ለማያውቅ ሰው ጥያቄው ጨዋታ ይመስላል። የሕንድ መንግሥት ግን እንደዚህ ላሉት ሰዎች ገንዘብ፣ ቤትና መካሪ አዘጋጅቶላቸዋል፤ እንዴት እንዳደረገውም ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባዮቴክኖሎጂ ማለት ሕያው ፍጥረትን፣ ወይም ከእርሱ የሚገኘውን ነገር፣ ለሰው ጥቅም እንዲሠራ ማድረግ ነው። እናቶቻችን ሊጡን በእርሾ ሲያቦኩ ስሙን ሳያውቁት ይህንኑ ጥበብ ይሠሩ ነበር። ከላይ ያልነውም ዱቄት ሪዞቢየም የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ያሉበት ነው። እነዚህ በባቄላ፣ በሽምብራና በአኩሪ አተር ሥር ላይ ጥቃቅን እባጭ ሠርተው ይኖራሉ፤ ከአየርም ናይትሮጅንን እየወሰዱ ተክሉን ይመግባሉ። ሊቃውንት ብርቱዎቹን መርጠው ያራቡና ገበሬው ከዘሩ ጋር ለውሶ እንዲዘራቸው ይሰጡታል። ይሁን እንጂ ለባቄላ የሚስማማው ለአኩሪ አተር አይስማማም። ደግሞም ሕያዋን ስለ ሆኑ ፀሐይና ሙቀት ያገኛቸው እንደ ሆነ ይሞታሉ፤ ዱቄቱ ግን ቢሞቱም ባይሞቱም መልኩ አንድ ነው። ገበሬ በቀላሉ የሚታለልበት፣ ቅን ሠሪም ያለ ጥፋቱ የሚታማበት ምክንያት ይህ ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚጀምር ሰው እንደ ሌላው ነጋዴ ከባንክ ተበድሮ ሊነሣ አይችልም። ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ የእርሱ ሀብት ግን ዕውቀቱ ብቻ ነው። መሣሪያው ውድ ነው፤ ሙከራውም ከአንድ ክረምት በላይ ይፈልጋል፤ ክረምትን ደግሞ ማንም ሊያስቸኩለው አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ኪሣራ ሊሸከም የሚችል ከመንግሥት በቀር ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሕንድ ለባዮቴክኖሎጂ ብቻ የቆመ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያቋቋመችው በ1986 ነው። ከዚያም በ2012 ያው መሥሪያ ቤት ቢራክ የተባለውን፣ ትርፍ የማይፈልግ የመንግሥት ድርጅት መሠረተ። ቢራክ አዲስ ሐሳብ ላላቸው ሰዎች እስከ 5 ሚሊዮን ሩፒ፣ እስከ 18 ወር በሚደርስ ጊዜ ይሰጣል። ይህ ብድር ስላይደለ አይመለስም። ነገር ግን ገንዘቡ ባንድ ጊዜ አይቈጠርም፤ ተቀባዩ ይህን ያህል እሠራለሁ ብሎ የተዋዋለውን ሲፈጽም ያን ጊዜ የሚቀጥለው ይከፈለዋል። እንደ እኔ አስተያየት ከሕጉ ሁሉ ብልህ የሆነው ይህ ነው፤ ያልሠራው ሰው በመንገድ ይቀራል፤ መንግሥትም የሚያጣው የቀረውን ሳይሆን የተሰጠውን ብቻ ነው።

ከገንዘቡ ጋር ቤቱ አለ። እነዚህ ቤቶች በእንግሊዝኛ የሚጠሩት ዕንቁላል በሚያስፈለፍለው መሣሪያ ስም ነው፤ እኛ «መታቀፊያ» ብንላቸው ዶሮ ያረባ ሁሉ ይገባዋል። ጀማሪው ብቻውን ሊገዛቸው የማይችላቸው መሣሪያዎች በዚያ አሉ፤ እርሱ ጠረጴዛ ተከራይቶ ከሌሎች ጋር በጋራ ይሠራባቸዋል። በባንጋሎር ከተማ ያለው ሲካምፕ የተባለው ማዕከል ከእርሻ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ስለሚገኝ አፈርንና ዘርን የሚያውቁ መምህራን ከጀማሪዎቹ ሩቅ አይደሉም። የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በ2022 እንደ ተናገሩት፣ በ2014 በአገሪቱ 6 ብቻ የነበሩት መታቀፊያዎች 75 ደርሰው ነበር። በእርግጥ ከጀማሪዎቹ ብዙዎቹ የሚሠሩት በመድኃኒትና በሕክምና ነገር ነው፤ እርሻ ገና ወደ ኋላ ነው።

ሦስተኛው መካሪው ነው፤ ይህንም ከገንዘቡ አስበልጬ አየዋለሁ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ ተማሪ ቀኑን ሙሉ የቈጠረውን ቅኔ ለየኔታ ሳይነግር፣ እርሳቸውም ሳያርሙት ወደ ማኅበር አያወጣውም። ጀማሪ ኩባንያም እንዲሁ ነው። መካሪው፣ «ባክቴሪያህ ደኅና ነው፤ ነገር ግን ማቀዝቀዣ በሌለበት ገበያ እንዴት ታደርሰዋለህ? ገበሬው ለአንድ ጥማድ መሬት የሚበቃውን ሲፈልግ ስለ ምን ትልቅ ከረጢት ታስገድደዋለህ?» እያለ ይጠይቀዋል። ብዙ ሥራ የሚጠፋው እንዲህ ያለ ጥያቄ በጊዜው የሚጠይቅ ሰው በመታጣቱ ነው።

በአገራችንም ለባዮቴክኖሎጂ በ2016 ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል፤ በሆለታም የእርሻ ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አለ። ሙከራው ግን የሚፈጸመው በእናንተ አገር አፈር ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት የመሞከሪያ መሬት ለማግኘት በሚያዝያ ወር አመለከተ። ወረቀቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዞር ባቄላ የሚዘራበት ጊዜ አለፈ፤ ፈቃዱ በነሐሴ መጨረሻ ሲደርስ ያራባው ባክቴሪያ ሞቶ ነበር። መዝገቡን ከያዙት ጸሐፊዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ዛሬ ያ ሰው የጨርቅ ነጋዴ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ማመልከቻ ሲመጣላችሁ፣ እሺም ሆነ እንቢ፣ መልሱ ከግንቦት በፊት ይሰጥ። የተፈቀደለትንም ሰው ደስ ለማሰኘት ብላችሁ ገና ባልተፈተነ ነገር ገበሬውን ሁሉ ግዛ ብላችሁ አታስገድዱ፤ አንድ ጊዜ የተታለለ ገበሬ ኋላ መልካሙ ቢመጣለትም አይቀበልምና። አንድ ዓይነት አፈር ባለው መሬት ላይ ሁለት ተመሳሳይ እርሻ ጎን ለጎን ይዘራ፤ አንዱ በዱቄቱ የተለወሰ፣ ሁለተኛው ያልተለወሰ ይሁን፤ ያልተለወሰውም አስቀድሞ ይዘራ፤ አለዚያ ባክቴሪያው በዘሪው እጅ ይተላለፋል። ባቄላው ሲያብብ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ተክል ከነሥሩ በዝግታ ተቈፍሮ ይውጣ፤ በሥሩ ላይ ያለውም እባጭ በምላጭ ይቈረጥ። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀላ ብሎ ከተገኘ ባክቴሪያው ሥራውን ይሠራል፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም። የሁለቱም እርሻ ምርት በመከር ተመዝኖ፣ ቢበልጥም ባይበልጥም፣ እንደ ተገኘው ይጻፍ።