የባከነ ዩሪያ፣ የባከነ ዶላር

አንድ ኩንታል ዩሪያ አዲ አርቃይ የሚደርሰው ጅቡቲ ወደብ ላይ ተራግፎ፣ ጎንደር ገብቶ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ከወረደ በኋላ ነው። የሚገዛው በዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ያ ዶላር ምን ያህል ብር እንደሚጠይቅ ለገበሬው ማስረዳት አያስፈልግም። ይህን ያህል ወጪ ወጥቶበት ማሳ ከገባው ማዳበሪያ ግን ቀላል የማይባለው ክፍል እህል ሳይሆን ይቀራል።

ከሚባክነው ውስጥ ጥቂቱ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። መጠኑ ትንሽ፣ ጉዳቱ ግን ትልቅ ነው። በመቶ ዓመት ስሌት አንድ ኪሎው ከ273 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚስተካከል ሙቀት ያምቃል፤ አየር ላይም ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል።

በኩንታል እናስላው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። በዓለም አቀፉ የተለመደ መነሻ ስሌት ከዚህ 1 በመቶው ወደ ጋዙ ይለወጣል። ይህም 0.7 ኪሎ ገደማ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመነዘር ደግሞ 2 ኩንታል የሚጠጋ ልቀት ነው። ለተቀነሰ ለአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 10 ዶላር የሚከፍል ገዢ ቢገኝ እንኳ የኩንታሉ ድርሻ 2 ዶላር አይሞላም። በዚህ ገንዘብ አሠራሩን የሚለውጥ ገበሬ አይኖርም።

ስሌቱ የሚለወጠው ከጋዙ ጋር አብሮ የሚጠፋው ሲታይ ነው። በዚያው ዓለም አቀፍ ስሌት፣ ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ ማሳ ላይ ከተጨመረው ናይትሮጅን 24 በመቶው በውኃ ታጥቦ ይሄዳል። ከአንድ ኩንታል ዩሪያ 11 ኪሎ ናይትሮጅን ማለት ነው፤ የሩብ ኩንታል ዋጋ። የአገሪቱ የአየር ንብረት ዕቅድና የገበሬው ኪስ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ ጋዙን የሚቀንሰው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ይህንንም ብክነት ይቀንሳል።

ከዳባት አካባቢ የዋልካ መሬት አንዱን ማሳ እንመልከት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውኃ ይተኛበታል፤ አፈሩ አየር ያጣል። አየር ባጣ አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን የማዳበሪያውን ናይትሮጅን ወደ ጋዝ ይለውጡታል። ገበሬው ይህን ውኃ ለማስወጣት በሞፈርና ቀንበር ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ ሰብሉን ያድናል፤ ቁልቁል ከወረደና መውጫው ካልተበጀ ግን የራሱንም የጎረቤቱንም አፈር ከነማዳበሪያው ጠርጎ ይወስዳል። ወደ አዲ አርቃይ ሲወረድ ደግሞ ችግሩ የተኛ ውኃ ሳይሆን የሚሮጥ ውኃ ነው። ሁለቱን ማሳዎች በአንድ ዓይነት ምክር፣ «ለሄክታር አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ» ብሎ ማስተናገድ ገንዘብ መበተን ነው።

ኢትዮጵያ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ያቀረበችው የተሻሻለ ብሔራዊ የአየር ንብረት ዕቅድ፣ እ.ኤ.አ. በ2030 ይደረስበታል ተብሎ የተገመተውን 403.5 ሚሊዮን ቶን ልቀት በ68.8 በመቶ ለመቀነስ ያለመ ነበር። ወጪው 316 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ 80 በመቶው ከውጭ ይጠበቅ ነበር። ናይትረስ ኦክሳይድ በዕቅዱ ከተካተቱት ጋዞች አንዱ ነው፤ ትልቁ ተስፋ የተጣለው ግን ደን ላይ ነው። ዕቅዱ በቀረበበት በዚያው ሐምሌ የሰሜኑ ጦርነት አዲ አርቃይ ደርሶ ነበር። መንገዱ በተዘጋበት፣ ገበሬው በተፈናቀለበት ቦታ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም የሚወጣ ዕቅድ ከወረቀት አያልፍም።

«ማዳበሪያ ይቀነስ» የሚለው አቋራጭ ለእኛ አይሠራም። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያ ማስገባትን በድንገት ከለከለች፤ የሩዝና የሻይ ምርቷ አሽቆለቆለ፤ በዚያው ዓመት ክልከላውን ለማንሳት ተገደደች። ሊቀነስ የሚገባው ማዳበሪያው ሳይሆን ብክነቱ ነው። መለኪያውም አንድ ኪሎ ናይትሮጅን ስንት ኪሎ ጤፍ፣ ገብስ ወይም ስንዴ አስገኘ የሚለው መሆን አለበት።

ለዚህ ትልቁ ቁልፍ ጊዜ ነው። ዩሪያ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተከፍሎ፣ ሰብሉ በሚፈልገው ሰዓት፣ አፈር ለብሶ ቢጨመር ብክነቱ ይቀንሳል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ይህን ሲመክሩ ኖረዋል። ነገር ግን ማዳበሪያው ዘግይቶ ከመጣ ገበሬው በደረሰበት ቀን፣ ዶፍም ቢሆን፣ ይበትነዋል። ስለዚህ በግዢ ጨረታ፣ በወደብ፣ በጭነትና በመንገድ ጸጥታ የሚጠፋው እያንዳንዱ ሳምንት ማሳ ላይ ልቀት ሆኖ ይወጣል። የማዳበሪያ አቅርቦትን ማፋጠን በአየር ንብረት ዕቅድ ውስጥ ሊጻፍ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ኩበት ነው። ማገዶ ባጠረበት ደጋ የከብት እበት ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ ምድጃ ውስጥ ይገባል። በዶላር የሚገዛው ናይትሮጅን በደጃችን ይነዳል ማለት ነው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና የቤት ባዮጋዝ እዚህ ላይ የኃይል ብቻ ሳይሆን የማዳበሪያ ፖሊሲም ናቸው። ባቄላና ሽምብራን ከእህል ጋር ማፈራረቅም ለቀጣዩ ዓመት የሚያስፈልገውን ዩሪያ ይቀንሳል።

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ጎዴ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠለት የዳንጎቴና የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ፋብሪካ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት ታቅዷል፤ ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር ነው። ሥራ ሲጀምር የዶላሩ ጫና ይቀላል። የናይትረስ ኦክሳይዱ ጉዳይ ግን አይፈታም፤ ጋዙ በዋናነት የሚወጣው ከዩሪያ ፋብሪካው ሳይሆን ከማሳው ነውና። እንዲያውም ማዳበሪያ በበዛ ቁጥር አባካኝነቱ ይብሳል።

እ.ኤ.አ. በ2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤን፣ ኮፕ 32ን፣ አዲስ አበባ ታስተናግዳለች። የተተከለ ችግኝ ቁጥር እንደሚቀርብ አያጠራጥርም። ከእሱ ጎን በየወረዳው ዩሪያ ማሳ የደረሰበት ቀንና ከአንድ ኪሎ ናይትሮጅን የተገኘው ምርት ቢቀርብ፣ የውጭ ገንዘብ ለመጠየቅ ከዚህ የበለጠ አሳማኝ ሰነድ አይኖረንም። ገንዘቡ ባይመጣ እንኳ ትርፉ እዚሁ ይቀራል።