አካል ጉዳተኛው ወጣት ትምህርቱን ሲጨርስ ወዴት ይሂድ?

በቅርቡ ወደየትምህርት ቤቱ የምንሰማራ ዕጩ መምህራን ማየት የተሳነው፣ መስማት የተሳናት ወይም በክራንች የሚሄድ ተማሪ በክፍላችን ማግኘታችን አይቀርም። ስለ ብሬል፣ ስለ ምልክት ቋንቋና ስለ መቀመጫ አደላደል ጥቂትም ቢሆን ተምረናል። አንድ ጥያቄ ግን ብዙም ሲነሳ አይሰማም። ይህ ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ከትምህርት ቤት ሲወጣስ? እስከዚያ ድረስ መምህሩም ጓደኞቹም ይረዱታል። ከዚያ በኋላ ማን ዘንድ ይሂድ? ምንስ ብሎ ይጠይቅ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ማስረዳት ነው።

ሕጉ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

በአገራችን ለአካል ጉዳተኞች የሚደረገው እርዳታ ለረጅም ዘመን ለቤተሰብ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ደጅ የተተወ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1971 የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 70 የአካል ጉዳተኞችን መልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት አቋቋመ። ይህ ራሱ አንድ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ትእዛዙ አካል ጉዳተኛ ብሎ የተረጎመው በአካል ወይም በአእምሮ ጤና ጉድለት የተነሳ ሠርቶ መብላት የማይችልንና ጧሪ የሌለውን ሰው ነበር። በልጅነት ወይም በእርጅና ምክንያት ሠርቶ ማደር ያልቻለውንም እዚያው ጨመረው። እንግዲህ በዚህ አተረጓጎም የሃያ ዓመቱ ዓይነ ስውር ወጣትና የሰማኒያ ዓመቱ ሽማግሌ አንድ መዝገብ ላይ ሊሰፍሩ ነው ማለት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 ወደ ሥራ ጉዳይ ቢገባም አንዳንድ የሥራ መደቦችን ለይቶ ለአካል ጉዳተኞች የመያዝን መንገድ ተከተለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ግን በመግቢያው ይህንኑ ነቀፈ። እንዲህ ዓይነቱ አሠራር አካል ጉዳተኞች በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት አይችሉም የሚል ግምት አሳድሯል አለ። አዲሱ አዋጅ አካል ጉዳተኛን የተረጎመውም በጉዳቱ ላይ ከኅብረተሰቡ የሚመጣ መድልዎ ተጨምሮበት እኩል የሥራ ዕድሉ የጠበበበት ሰው ብሎ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የቀድሞው “አይችልም” ሲል፣ የኋለኛው “ተከለከለ” አለ።

ድጋፉ ምን ምን ነው?

ሀ. የአካል ድጋፍ። ሰው ሠራሽ እግርና እጅ፣ ክራንች፣ ተሽከርካሪ ወንበርና የመሳሰለው ነው። ይህን የሚሠሩና የሚያድሱ ማዕከሎች በአዲስ አበባ፣ በደሴ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በሌሎችም ከተሞች ተቋቁመዋል።

ለ. የኑሮ ድጎማ። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በገጠር በ1997 ዓ.ም.፣ በከተማ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር፣ ከድሃ ቤተሰብ ውስጥ መሥራት የሚችለውን በአካባቢ ልማት አሰማርቶ እንዲከፍለው፣ መሥራት ለማይችለው ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ እንዲሰጥ ተደርጎ ነው።

ሐ. የሥራ መብት። በአዋጅ 568 መሠረት ከሌላው ተወዳዳሪ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ያመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ያገኛል። አሠሪው ከአቅሙ በላይ ካልሆነበት በቀር የሥራ ቦታውን፣ መሣሪያውንና የሥራ ሰዓቱን ለሠራተኛው እንዲስማማ ማመቻቸት፣ ሲያስፈልግም ረዳት መመደብ አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ “በአካል ጉዳቴ ምክንያት ተበደልኩ” ብሎ የሚከስ ሰው በደሉን የማስረዳት ሸክም የለበትም። አለማዳላቱን ማስረዳት ያለበት ተከሳሹ ነው። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?

ችግሩ ሁለቱን በሮች ከማምታታት ይጀምራል። ለምሳሌ በእግሯ መራመድ የማትችል፣ ነገር ግን የሒሳብ መዝገብ አያያዝ የተማረች ወጣት እንውሰድ። ወላጆቿ አዝነውላት ይዘዋት ወደ ቀበሌ ይሄዳሉ። እዚያ ያለው ሰውም አዝኖላት ከቀጥታ ድጋፍ ተቀባዮች ዝርዝር ያስገባታል። ሁሉም ደግ ሠሩ! ልጅቷ ግን ቤት ቀረች። ስለ ክፍት የሥራ ቦታ የነገራት የለም። የሥራ ማስታወቂያው “ሙሉ ጤነኛ የሆነች” ይላል፤ እሷም “እኔን አይመለከትም” ብላ ትተወዋለች። ፈተናው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ሲባልም “ምድር ቤት ይሁንልኝ” ብሎ መጠየቅ እንደሚቻል አታውቅም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ማዘዙንም የነገራት የለም።

ድጎማው ለሚያስፈልገው ሰው የሕይወት ጉዳይ ነውና ማንም ሊያናንቀው አይገባም። ነገር ግን መሥራት የሚችለውን ወጣት በርኅራኄ ከጡረተኛ ጋር መቁጠር ከጉዳቱ በላይ ይጎዳዋል። መብት ደግሞ ራሱ እየሄደ ቤት አያንኳኳም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ?

የመምህሩ ድርሻ

ይህን ለወጣቱ አስቀድሞ ሊነግረው የሚችል ቅርብ ሰው መምህሩ ነው። ስለሆነም፦

1. ተማሪው የመጨረሻው ክፍል ላይ ሳይደርስ ከእርሱና ከወላጆቹ ጋር “ከዚህ በኋላስ?” ብለን እንነጋገር። ስለ እርሱ ከወላጆቹ ጋር ብቻ አንምከር፤ የሚወስነው እርሱ ነው።

2. የጉዳቱን ዓይነት የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ፣ የትምህርት ማስረጃውና የመታወቂያ ወረቀቱ ከትምህርት ቤት ከመውጣቱ በፊት እንዲሟሉ እንርዳው።

3. የሚሄድበትን ቢሮ ለይተን እንንገረው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በፌዴራል ደረጃ የማኅበራዊ ጉዳዩ ከሴቶች ጉዳይ ጋር፣ የሥራ ጉዳዩ ደግሞ ከክህሎት ጋር ሆኖ በሁለት ሚኒስቴሮች ተከፍሏል። በየወረዳው ስማቸው ይለያይ እንጂ ለድጎማና ለሥራ የሚኬድበት ጽሕፈት ቤት አንድ ላይሆን ይችላል።

4. እንደ ዓይነ ስውራን ማኅበርና መስማት የተሳናቸው ማኅበር ካሉት ጋር እናገናኘው። ብቻውን ሆኖ የማይሰማ ሰው ከማኅበሩ ጋር ሲሆን ይሰማል።

ባልደረቦቻችን ሆይ! አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርነው ልጅ አሥራ ሦስተኛውን ዓመት በጓዳ ተቀምጦ ካሳለፈው ድካማችን ለምን ነበር? ደግሞም ከእኛው መካከል አካል ጉዳተኛ የሆኑ ሠልጣኞች አሉ፤ ነገ የመምህርነት ቦታ ፍለጋ ይወዳደራሉ። አዋጁ የእነርሱም ነው። አንብበን እንወቀው፤ አውቀንም ለሌላው እንንገር።