ቸርኬን ከጭረት የሚያድነው ጎድጓዳ

ጎሚስታው ጎማውን ማሽኑ ላይ አሰረና መፈልቀቂያ ብረቱን አነሣ። የመኪናዋ ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ከጎኑ ቆመው «ልጄ፣ ቸርኬዋን አደራ» አሉት። «አያስቡ ጋሼ» አለና ብረቱን መልሶ አስቀመጠው። በመጀመሪያ የጎማውን የማዶ ጠርዝ በሁለት መዳፉ ተጭኖ ወደ ታች አሰረገው። ከዚያ በኋላ ነው ብረቱን ያስገባው። ጎማው ሳይታገለው ወጣ፤ በቸርኬው ላይ የጭረት ምልክት አልነበረም።

አሎይ ቸርኬ አሉሚኒየም ከጥቂት ሲሊከንና ማግኒዚየም ጋር ቀልጦ የሚሠራ ነው። ፊቱ በቀለምና በመስተዋት መሰል ቅብ የተሸፈነ ነው። ቅቡ አንድ ቦታ ከተፋቀ እርጥበት ከሥሩ ይገባና አሉሚኒየሙን እየበላ ይሄዳል። ጎማው በሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ ሲሆን ደግሞ በየሳምንቱ አየር የሚያጎድል፣ ሚስማር ተፈልጎ የሚታጣለት ጎማ ይፈጥራል።

ብዙ ሰው ጎማ ከቸርኬ የሚወጣው ተለጥጦ ይመስለዋል። የአብዛኛው ጉዳት ምንጭ ይህ እምነት ነው። የጎማው ጠርዝ ውስጥ የብረት ሽቦ ጥቅል አለ፤ ሽቦው በሰው ጉልበት አይለጠጥም። 15 ኢንች የሚባለው ጎማ ጠርዙ 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። የቸርኬው ከንፈር ግን በየአቅጣጫው ወደ 17 ሚሊ ሜትር ከፍ ስለሚል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 41 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይደርሳል። ታዲያ የማይለጠጥ ቀለበት ከሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ በሚበልጠው ከንፈር ላይ እንዴት ያልፋል?

መልሱ ቸርኬው ወገብ ላይ ያለው ጎድጓዳ ነው። አምባር የምታጠልቅ ሴት አምባሩን ለመለጠጥ አትሞክርም፤ አውራ ጣቷን ወደ መዳፏ ታጥፋለች። ጎማም እንደዚያው ነው። ጠርዙ በአንድ በኩል ጎድጓዳው ውስጥ ሲሰርግ፣ በተቃራኒው በኩል ከከንፈሩ በላይ የሚሻገርበት ትርፍ ቦታ ያገኛል። ባይሰርግ ግን መፈልቀቂያው የሚያገኘው መደገፊያ የቸርኬው ከንፈር ብቻ ነው። አሉሚኒየሙ ይሰረጎዳል፣ ወይም የጎማው ጠርዝ ይቀደዳል። ጎማ አልወጣ ሲል ብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ጉልበት የሚጨምር ሠራተኛ፣ ችግሩ ከእጁ ሥር ሳይሆን ከማዶ እንዳለ አልገባውም።

ጎድጓዳው ደግሞ መሀል ለመሀል አይደለም። ወደ አንደኛው ከንፈር ይጠጋል፤ ጎማው መውጣትም መግባትም ያለበት በዚያ በቅርቡ በኩል ነው። ብዙ ጊዜ ይህ የቸርኬው ውብ ፊት ያለበት ጎን ስለሆነ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይታሰራል። ጎድጓዳቸው ወደ ኋላ የተጠጋ ቸርኬዎችም አሉ። እነሱን ከሥር ለስላሳ ነገር አንጥፎ መገልበጥ ያስፈልጋል። ከማሰሩ በፊት ጎንበስ ብሎ ይህን የሚያይ ጎሚስታ ሲገኝ አጥብቆ መያዝ ነው።

ቀሪው ጥንቃቄ ነው፤ ያም ሆኖ በየቀኑ ይዘነጋል። ቸርኬውን የሚነካው የማሽኑ ራስና መንጋጋዎቹ የፕላስቲክ ልባስ ሊኖራቸው ይገባል፤ ልባሱ አልቆ ብረቱ ከወጣ ማሽኑ ራሱ ይፍቃል። ጎማውን ከመቀመጫው የሚያላቅቀው አካፋ መሰል ክንድ ማረፍ ያለበት ጎማው ላይ፣ አየር ከሚሞላበት ቀዳዳም ራቅ ብሎ ነው፤ በብዙ አዳዲስ መኪኖች እዚያ ሥር የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር አለ። ማለስለሻውም የጎማ ሳሙና እንጂ የተቃጠለ ዘይት ወይም ናፍጣ አይደለም። ዘይት ጎማን ያሳብጣል፤ ፍሬን በኃይል ሲያዝም ጎማው በቸርኬው ላይ እንዲንሸራተት ያደርጋል። ዘይት ውስጥ የተነከረ ብሩሽ ይዞ የመጣን ሠራተኛ ማስቆም የባለመኪናው መብት ነው።

ጎሚስታው አዲሱን ጎማ አስገብቶ፣ አየር ሞልቶ፣ ባላንስ ሠርቶ ወደ መኪናዋ ተመለሰ። መኪናዋ ቶዮታ ናት። ዳዶዎቹን በአየር መፍቻ አላስጀመራቸውም፤ አንድ በአንድ በእጁ ካሰራቸው በኋላ በተሻጋሪ ማጥበቅ ጀመረ። ለብዙ የቶዮታ የቤት መኪኖች የሚታዘዘው 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያጠብቅ መፍቻ ቡሎኑን ይለጥጣል፣ ቀዳዳውንም ይጎዳል።

አምስተኛው ዳዶ ላይ ሲደርስ ቆመ። አራቱ ጠፍጣፋ ቀለበት ያላቸው፣ ለብዙ የቶዮታ አሎይ ቸርኬዎች የተሠሩት ዓይነት ናቸው። አምስተኛው ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ የብረት ቸርኬ ዳዶ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቺን ማን አሰራት?»

ሰውየው ትንሽ አሰቡና ባለፈው ክረምት መንገድ ላይ ጎማ የቀየረላቸውን ልጅ አስታወሱ። ጎሚስታው ዳዶውን ከፍቶ የተፋቀውን ቀዳዳ በጣቱ ዳሰሰ፣ ከዚያም ተመሳሳዩን ፍለጋ ወደ ዕቃ ሳጥኑ ሄደ።